ከድንጋይ ላይ የእጅ ሥራን ያነበበው ሰርጌይ ሴምዮኖቭ

በሚሠሩበት ወጥ ቤት ዓመታት ያገለገለ የእንጨት ማማሰያ ካለ፣ ገልብጠው ጫፉን ይመልከቱት። ሲገዛ ዙሪያው እኩል ነበር። አሁን አንዱ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል። የተበላው ከድስቱ ጋር በየቀኑ ሲተሻሽ በኖረው በኩል ነው። ጠፍጣፋውን ጎን ወደ ድስቱ አድርገው ማማሰያውን ይያዙት፤ የሚመቸው በቀኝ ነው ወይስ በግራ? ከእርስዎ በፊት በዚያ ቤት ያበሰለችው ሴት በየትኛው እጇ ታማስል እንደነበር ያን ጊዜ ያውቃሉ። ስሟን እንጨቱ አይነግርዎትም። ኢትዮጵያዊት ትሁን ፊሊፒናዊት ወይም ስሪላንካዊት አይነግርዎትም። የእጇ አሠራር ግን እዚያ ላይ ቀርቷል።

ይህን ዓይነት ንባብ ራሱን የቻለ ሳይንስ ያደረገው ሰው ሰርጌይ አሪስታርኮቪች ሴምዮኖቭ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1898 ተወልዶ በ1978 ያረፈ የሶቪየት ኅብረት አርኪዮሎጂስት ነበር። ስሙ እንደ ነገሥታት ወይም እንደ ፊልም ተዋንያን በየቤቱ አይነሳም። የጥንት ሰዎችን መሣሪያ የሚያጠና ሰው ግን በየትኛውም አገር ይሁን ስሙን ያውቀዋል። ከሺህ ዓመታት በፊት የተጣለ የድንጋይ ቢላዋ ምን ሲቆርጥ እንደነበር፣ በምን አቅጣጫ እንደተገፋና እንደተሳበ በአጉሊ መሣሪያ አይቶ መናገር የሚቻል መሆኑን ያሳየው እሱ ነው።

ከእሱ በፊት ነገሩ እንዴት ይሠራ እንደነበር ላጫውትዎ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ምሁራን ከዋሻና ከወንዝ ዳር የተጠረቡ ድንጋዮችን በብዛት ሰበሰቡ። ሰብስበውም በመልካቸው ለዩአቸው። ሹሉን የጦር ጫፍ አሉት፣ ክቡን መፋቂያ፣ ረጅሙን ቢላዋ። ብዙዎቹ ምሁራን በሕይወታቸው ቆዳ ፍቀው ወይም በድንጋይ እንጨት ጠርበው አያውቁም። ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ቅርጹን ከሚያውቁት ዕቃ ጋር እያመሳሰሉ ነበር ስም የሚያወጡት።

የዚህን ስህተት ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የመታጠቢያ ቤቱን የሸክላ ንጣፍ መጋጠሚያ የሚፈትጉበትን አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያስቡት። ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ቢያገኘው፣ ቅርጹን ብቻ ካየ፣ ጥርስ ይቦረሽበት ነበር ብሎ ይጽፋል። ፀጉሩ ምን ያህል ወደ ጎን እንደተደፋ፣ ጫፉ በምን እንደተበላ በቅርብ ካየ ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል። የቆርቆሮ ክዳን የሚከፈትበት የሻይ ማንኪያም፣ ያረረ ድስት የሚፋቅበት ደነዝ ቢላዋም እንዲሁ ነው። ዕቃው የተሠራበት ዓላማ አንድ ነው፤ ዕቃው የዋለበት ሥራ ሌላ ሊሆን ይችላል። ሥራውን የሚያውቀው የሠራበት ሰው ነው።

ሴምዮኖቭ ይህን ጥያቄ የያዘው በ1930ዎቹ በሌኒንግራድ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። የሚሠራው የቁሳዊ ባህል ታሪክን በሚያጠናው የመንግሥት አካዳሚ ውስጥ ነበር። ዘመኑ ለምሁር ክፉ ነበር። በስታሊን አገዛዝ ሰው ከቢሮው እየተወሰደ ይጠፋ ነበር፤ አርኪዮሎጂስቶችም አልተረፉም። የመንግሥቱ ርዕዮተ ዓለም ታሪክን የሚሠራው ሠርቶ አደሩ ነው ብሎ ያስተምራል፤ ብዙዎችም ይህንኑ መፈክር በመጽሐፋቸው መግቢያ ላይ እየደገሙ የቀረውን እንደ ድሮው ይጽፉ ነበር። ሴምዮኖቭ ግን አባባሉን እንደ መፈክር ሳይሆን እንደ ጥያቄ የወሰደው ይመስለኛል። ሰውን ሰው ያደረገው ሥራ ከሆነ፣ ሥራው ራሱ የት አለ? ሠራተኛው ሞቷል፣ ቆዳው በስብሷል፣ እንጨቱ አፈር ሆኗል። የቀረው ድንጋዩና አጥንቱ ነው። እንግዲያው ሥራው ካለ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ብነግርዎ ከማንም በላይ ይገባዎታል፤ መነሻው ጽዳት ነውና። ድንጋዩ መጀመሪያ ከአፈሩና ከቅባቱ በደንብ መጽዳት አለበት። ምክንያቱም ቆፍሮ ያወጣው ሰውም ሆነ የሙዚየም ሠራተኛ በእጁ ሲነካው የጣቱ ወዝ ድንጋዩ ላይ ይቀራል። ያ ወዝ ያብለጨልጫል፤ በሥራ ብዛት የመጣ ልስላሴ መስሎም ያሳስታል።

ቀጥሎ ብርሃኑ ነው። ጠዋት መጋረጃውን ሲከፍቱ ፀሐይ በጎን ስትገባ፣ ትናንት ማታ ንጹሕ ይመስል የነበረው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ያለፈበት መስመር ሁሉ ይታያል። ከላይ ባለው አምፖል አይታይም ነበር። ሴምዮኖቭም ድንጋዩን በሁለት ዓይን በሚታይ ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጦ፣ ብርሃኑን በጎን እያስመታ፣ ማዕዘኑን እየለዋወጠ ያይ ነበር። አንድ ችግር ግን ገጠመው። ባልጩት ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲበተን በላዩ ላይ ያለው ቀጭን ጭረት ይጠፋል። ስለዚህ ድንጋዩን ቀለም ይቀባው ወይም በስሱ የብረት ብናኝ ያለብሰው ጀመር። ያን ጊዜ ጭረቱ ይወጣል።

ጭረት የሚናገረው ስለ እንቅስቃሴ ነው። ሥጋ ሲቆርጡ ቢላዋው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ሁለቱም ጎኖቹ ከሥጋው ጋር ይነካካሉ። ስለዚህ የሥጋ ቢላዋ በሁለቱም ጎን ይለሰልሳል፣ ጭረቱም ስለቱን ተከትሎ ይሄዳል። እንጨት የሚቀርጽ ቢላዋ ግን እንደዚያ አይደለም። እንጨቱ ላይ የሚያርፈው አንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ ጭረቱም ስለቱን ያቋርጣል። መሰርሰሪያ ጫፉ ላይ የክብ መስመር አለው። ቆዳ መፋቂያ ስለቱ ዶልዱሞ ይከብባል፣ ጭረቱ ከስለቱ ወደ ኋላ ይወርዳል። ሌላው ቀርቶ ዛፍ መቁረጫ ምሳርንና፣ ስለቱ እንደ ዶማ ለእጀታው አግድም የሆነውን የእንጨት መጥረቢያ በዚሁ ለያቸው። ምሳር ሁለት ጎኑ እኩል ይበላል፤ ሌላው የሚበላው በአንድ ወገን ነው። እጀታው ከበሰበሰ ሺህ ዓመታት ቢያልፉም፣ ድንጋዩ በየትኛው አቅጣጫ ታስሮ እንደነበር ታወቀ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ግምት እንዳይሆን ሴምዮኖቭ መሣሪያዎቹን ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ሠራባቸው። ድንጋይ ፈልጦ በእሱ ቆዳ ፋቀ፣ አጥንት ቆረጠ፣ እንጨት ቀረጸ፤ ከዚያ ድንጋዩን ወደ ማይክሮስኮፑ አምጥቶ ከጥንቱ ጋር አስተያየ። ኋላ ላይ ተማሪዎቹንና ባልደረቦቹን ይዞ ወደ ጫካ ይወጣ ነበር። በድንጋይ ምሳር ዛፍ ጣሉ። ጀማሪ ሰው ቀን ሙሉ ይፈጃል ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የሚያውቅበት እጅ ሲይዘው ግን መካከለኛ ዛፍ በደቂቃዎች ይወድቃል። የጥንት ሰው ኑሮ ሁሉ ጣርና ስቃይ ነበር የሚለው አስተሳሰብ፣ ምሳሩን ባልያዙ ሰዎች የተጻፈ እንደሆነ ከዚህ ይገባዎታል።

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የኮስቴንኪው ነው። ኮስቴንኪ በሩስያ በዶን ወንዝ ዳር፣ በቮሮኔዥ ከተማ አቅራቢያ ያለ መንደር ነው። ከ20,000 ዓመት በፊት በዚያ ብርድ ማሞዝ የሚባለውን ጸጉራም ዝሆን የሚያድኑ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከመሣሪያዎቻቸው መካከል ብዙ የቆዳ መፋቂያዎች ተገኝተዋል። ያለ ቆዳ ልብስ በዚያ አገር አንድ ክረምት አይታለፍም፤ ስለዚህ ፍቀቱ የጎን ሥራ አልነበረም፣ ሕይወት የቆመበት ሥራ ነበር። ሴምዮኖቭ መፋቂያዎቹን ሲመረምር፣ ከመቶ 80 ያህሉ የተበሉት በቀኝ ጎናቸው ሆኖ አገኘ። በቀኝ እጅ የተያዘ መፋቂያ ሲገፋ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ ጫናው እዚያ ይበዛል፤ ስለቱም በዚያ በኩል ቶሎ ይዶለዱማል። እነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ እንደኛው ቀኝ እጃቸውን የሚያዘወትሩ ነበሩ ማለት ነው። ከእነሱ አንዱም ስሙ አልቀረም። የሰውነታቸው ማዘንበል ግን ቀረ። ማማሰያውን ያስታውሱ።

ይህን ሁሉ ዓለም ያወቀው ወዲያው አይደለም። በ1941 የጀርመን ጦር ሶቪየት ኅብረትን ወረረ፤ ሌኒንግራድ ለ900 ቀናት ገደማ ተከበበች፤ በረሃብና በብርድ ያለቀው ሕዝብ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ሴምዮኖቭ የብዙ ዓመት ጥናቱን አጠቃሎ ትልቁን መጽሐፉን ያሳተመው ጦርነቱ ካበቃ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1957 ነው። ሲጀምር በሠላሳዎቹ ዕድሜ የነበረ ሰው ሊጨርስ ስድሳውን ተጠግቶ ነበር። የመጽሐፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ጥንታዊ ቴክኒክ እንደማለት ነው። በሩስኛ በመጻፉም ከአገሩ ውጭ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ለሙያ ባልደረባዬ አንድ ቃል ላንሳ። ኤም. ደብሊው. ቶምፕሰን የተባለ እንግሊዛዊ አርኪዮሎጂስት መጽሐፉን ተርጉሞ በ1964 አወጣው። የሳይንስ መጽሐፍ መተርጎም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለእያንዳንዱ የጭረትና የልስላሴ ዓይነት በሌላ ቋንቋ ስም መፈለግ ነው። በሌኒንግራድ ማይክሮስኮፕ ሥር የተገኘው ነገር በለንደንና በአሜሪካ ተማሪ ቤቶች የተነበበው በዚህ ሰው ትርጉም ነው። የተርጓሚ ስም ግን በሽፋን ላይ ከኖረ በትንሽ ፊደል ነው፤ ይህን የምለው በራሴ እንጀራ ስላለፈብኝም ነው።

ሩስያውያን ይህን ጥናት ትራሶሎጂ ይሉታል። ቃሉ ዱካን ማጥናት ማለት ሲሆን፣ የወንጀል መርማሪዎችም የጫማ አሻራና የመሣሪያ ጭረት ሲያጠኑ ይጠቀሙበታል። እርስዎ ባሉበት አገር ደግሞ ይበልጥ የሚቀርብ ቃል አለ። በአረብኛ ዱካ አሠር ይባላል፤ ሲበዛ አሣር። የሙዚየም በር ላይ ይህን ቃል አይተውት ሊሆን ይችላል፤ አረቦች አርኪዮሎጂን ዒልም አልአሣር፣ የዱካዎች ዕውቀት ይሉታልና። በእኛ ጆሮ አሳር ሌላ ነገር ነው፤ አሳሬን አየሁ የምንለው በስደት ብቻ አይደለም። ነገር ግን ግዕዙን ብንመለከት ያው ቃል አለ፤ አሠር ማለት የእግር ዱካ፣ ፈለግ ማለት ነው። የሴምዮኖቭን ሥራ ለመግለጽ ሁለቱ ዘመዳሞች ቋንቋዎች ቃሉን ከጥንት ጀምሮ አዘጋጅተው ነበር።

ሁሉም አላመኑትም። የምዕራብ ተመራማሪዎች በየድንጋዩ ላይ እሱ ያየውን ጭረት ፈልገው ብዙ ጊዜ አጡት። አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ጭረት የለም፤ አንዳንዱ ጭረት ድንጋዩ አፈር ውስጥ ሲንቀሳቀስ የመጣ ነው። ክርክሩ ተገቢ ነበር፤ ሴምዮኖቭ ከሰጣቸው ፍርዶች ሁሉም በጊዜ ፈተና አላለፉም። ላውረንስ ኪሊ የተባለ አሜሪካዊ ከጭረቱ ይልቅ ልስላሴውን ማየት ይሻላል አለ። በጣም በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሲታይ የእንጨት፣ የቆዳ፣ የአጥንትና የሣር ልስላሴ አይመሳሰልም።

ኪሊ ለትችት ራሱን አጋለጠ፤ ይህ ነገሩ ደስ ይላል። ማርክ ኒውኮመር የተባለ ባልደረባው መሣሪያዎች ሠርቶ፣ ምን እንደሠራባቸው ሳይነግረው ሰጠው፤ ኪሊ አይቶ መልሱን ይናገር። ውጤቱ በ1977 ታተመ። ከ16 ስለቶች መካከል የተሠራበትን ክፍል በ14ቱ፣ እንቅስቃሴውን በ12ቱ፣ የተሠራበትን ነገር ምንነት ደግሞ በ10ሩ በትክክል ለየ። ፍጹም አይደለም፤ በግምት ግን የሚገኝ ውጤት አይደለም። በ1981 ኪሊ ከኒኮላስ ቶት ጋር ሆኖ፣ በኬንያ ቱርካና ሐይቅ ዳር ከኩቢ ፎራ የተገኙ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ ድንጋዮችን መረመረ። ሐይቁን የሚሞላው የእኛው ኦሞ ወንዝ ነው። ከ56ቱ ድንጋዮች 9ኙ ላይ የሥራ ምልክት ተገኘ፤ 4ቱ ሥጋ፣ 3ቱ እንጨት፣ 2ቱ ሣር የመሰለ ለስላሳ ተክል ሲቆርጡ የነበሩ ናቸው። በዚያ ዘመን የነበረ ፍጡር እንጨት ይቀርጽ እንደነበር በሌላ መንገድ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ እንጨቱ አይቆይማ።

ሴምዮኖቭ ራሱ በሕይወት እስካለ ድረስ በሌኒንግራድ ሥራውን ቀጥሎ ነበር። በ1968 በድንጋይ ዘመን ስለነበረው የቴክኒክ ዕድገት፣ በ1974 ደግሞ ስለ እርሻ አጀማመር መጻሕፍት አወጣ። እርሻውን ያነበበው ከማጭድ ላይ ነው። የስንዴና የገብስ አገዳ ውስጡ አሸዋ መሰል ማዕድን አለው፤ አጨዳ የዋለ ሰው ክንዱ የሚቧጨረው ለዚህ ነው። ያ ማዕድን የድንጋይ ማጭድን ስለት እንደ መስታወት ያብለጨልጨዋል። ብልጭታውን ሌሎችም ከእሱ በፊት አይተውት ነበር፤ እሱ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ግን እንደ ጭራ ኮከብ የተሳቡ ጥቃቅን ጉድጓዶች አገኘ፤ ጭራቸውም ማጭዱ የተሳበበትን አቅጣጫ ያሳያል። ተማሪው ጋሊና ኮሮብኮቫ ይህን ይዛ በማዕከላዊ እስያ የጥንት ገበሬዎችን ማጭዶች አጠናች። እሱ በ1978 ካረፈ በኋላም በሁለቱ ስም የተዘጋጀው መጽሐፍ በ1983 ታትሞ ወጣ።

አሁን ወደ አገራችን ልመልስዎ፤ ይህ ታሪክ እዚያም ደርሷልና። በእኛ ዘንድ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያውቃሉ። ፋቂ የሚለው ቃል የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኗል። ከፋቂ ቤት አይበላም፣ ልጅ አይሰጥም ሲባል የሰማን ሁሉ፣ ያ ሙያ ምን እንደሚጠይቅ ግን አልጠየቅንም። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጋሞና በኮንሶ፣ ቆዳን በድንጋይ መፋቂያ የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኖረዋል። በጋሞ ሥራው የወንዶች ነው። በኮንሶ ግን ድንጋዩን የምትመርጠው፣ የምትፈልጠው፣ በሙጫ ከእንጨት እጀታ ጋር የምታጣብቀው፣ ሲዶለዱም የምትስለውና ቆዳውን የምትፍቀው ሴት ናት። እጇ እስኪፈታ ዓመታት ይወስዳል። አርኪዮሎጂስቶች የድንጋይ መሣሪያ ሠሪን በሥዕል ሲያስቀምጡ ሁልጊዜ ጢማም ወንድ ነበር፤ የኮንሶን ሴቶች ያጠናች ተመራማሪ ሥራዋን በ2010 ስታሳትም ሥዕሉ መለወጥ እንዳለበት ጽፋለች።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2004 የኮንሶ መፋቂያዎች ራሳቸው ማይክሮስኮፕ ሥር ገብተው ነበር። ተመራማሪዎቹ የፈለጉት ቀላል ነገር ነው። የጥንት ድንጋይ ሲመረመር መልሱ ትክክል መሆኑን የሚመሰክር ሰው የለም፤ ሞተዋል። የኮንሶዋ ባለሙያ ግን በሕይወት አለች። ድንጋዩን ምን እንደሠራችበትና እንዴት እንደያዘችው ይታወቃል። ስለዚህ ጭረቱንና ልስላሴውን፣ ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ የቀረውንም ቅሪት እያዩ፣ ዘዴው ምን ያህል እንደሚያስተማምን በእሷ ሥራ ላይ መዘኑት። መንደሯ ውስጥ ሠርጓ ላይ አብሯት የማይበላ ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሴምዮኖቭ የጀመረው ሳይንስ ግን ልክነቱን የሚለካበት ሚዛን አድርጎ የወሰደው የእሷን እጅ ነው።